የወንድሜ ጣሳ

ሜይ 4፣ ረቡዕ

ጉሙ ከተራራው ወርዶ የኮኮናት ዛፎቹን እስከ አንገታቸው ውጧቸው ነበር። ጫፋቸው ብቻ ሰማይ ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ሰፈሩ ገና አልነቃም። ለአሳማዬ ትርፍራፊ የሚጠራቀምባቸውን ጣሳዎች ልሰበስብ ስወጣ እግሬ መሬት መርገጡን ተጠራጠርኩ።

አምስት ቤት። የመምህርቷ ጣሳ፣ የዳቦ ቅርፊትና የሐብሐብ ልጣጭ። ትናንት እንግዳ ነበራቸው። የአራሷ፣ የዝንጅብልና የጥሬ ፓፓያ ልጣጭ። ወተት እንዲወርድላት ሾርባ እየሠሩላት ነው። የዓሣ አጥማጁ፣ የሩዝ እጣቢ ብቻ፣ እሱም ውሃ ውሃ የሚል። ጀልባው አልወጣም። ማንም ምንም አልነገረኝም። ጣሳው ይናገራል።

የሮሳውራ ምግብ ቤት ባልዲ ሙሉ ነው። በእጄ ሳማስለው ግን የጥርስ ስንጥር አገኘሁ። ይዤላት ሄድኩ።

«ሮሳውራ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አንድ ስንጥር ናት ጋሼ ማካርዮ።»

«ለአንድ ጉሮሮ አንድ ይበቃል።»

«ለደንበኞቼ እንኳን እንዲህ አልጨነቅም» አለች። አመንኳት።

መጨረሻ የወንድሜ የቲቦ ጣሳ። እንደ ሁልጊዜው በመካከላችን ባለው አጥር ላይ፣ የቀርከሃው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ሞልቷል። ነጭ ሩዝ፣ ንጹህ። አንስቼ ባዶውን ሰቀልኩ። ከተነጋገርን ዘጠኝ ዓመት ሆነን።

ሁሉንም ከተከተፈ የሙዝ ግንድ ጋር በግማሽ የተቆረጠው በርሜል ውስጥ ጨምሬ ቀቀልኩ። ሁለት ሰዓት። ሁለት ሰዓት ስል ሁለት ሰዓት ነው።

ሜይ 5፣ ሐሙስ

ዝናብ። ከቤቱ ሥር ያኖርኩት እንጨት ደረቅ ነው። ቀቀልኩ።

ሜይ 8፣ እሁድ

የአሳማዋን ደረት በሲባጎ ለካሁ። በየእሁዱ አንድ ቋጠሮ አስራለሁ። ዛሬ የቋጠርኩት ካለፈው ሁለት ጣት ይርቃል። በሳምንት ሁለት ጣት... እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ስም አላወጣሁላትም። ለሚታረድ ስም አይወጣም። ኦገስት 16 የቅዱስ ሮኬ በዓል ነው፤ ያን ቀን ጣሳ የሰጠ ቤት ሁሉ ሥጋ ይደርሰዋል። ድርሻው በጣሳው ልክ ነው። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላጉረመረመም። ቢያጉረመርምም አልለውጠውም።

በዚህ ሕግ ዘንድሮ ትልቁ ድርሻ የቲቦ ነው። መስጠት ደስ አይለኝም። ግን ሕግ ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሦስት አሳማዎቼ በአንድ ሳምንት አለቁ። የእናታችን የአርባ ቀን ድግስ ካለፈ በኋላ ነው። ቲቦ ከድግሱ የተረፈውን፣ የአሳማ ሥጋ ያለበትን ባልዲ፣ ሳይቀቅል ገንዳቸው ውስጥ ገለበጠ። በዓይኔ አይቻለሁ። በማግስቱ ምግብ እምቢ አሉ። «አንተ ነህ የገደልካቸው» አልኩት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። «እኔ አይደለሁም» አለ። ሌላ ምንም አላለም። ጥፋቱን ያላመነ ሰው ደጄን አይረግጥም አልኩ። አልረገጠም።

ጣሳውን አጥሩ ላይ መስቀል የጀመረችው ሚስቱ ፓኒያ ነበረች። ከጥሉ ሁለት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ተሰቅሎ አገኘሁት። ምን ላድርግ? ምግብ ነው። አነሳሁት። ፓኒያ በፌብሩዋሪ ሞተች። ጣሳው ይቀራል ብዬ ነበር። አልቀረም። እንዲያውም ሞላ።

ሜይ 13፣ ዓርብ

በርሜሉ ፊት ተቀምጬ ሳማስል ሸለብ አደረገኝ መሰለኝ። ወይስ ነቅቼ ነበር? እንፋሎቱ ወደ ላይ ሲወጣ የእናታችንን ቀሚስ መሰለ። ከታች የሰፈሩ ሳምንት በሙሉ ይፈላል፤ የመምህርቷ እንግዳ፣ የአራሷ ዝንጅብል፣ የዓሣ አጥማጁ ባዶ መረብ... ሁሉም አንድ ቀለም፣ አንድ ሽታ ይሆናል። እኔና ቲቦ ወንዝ ውስጥ ነን። እሱ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። «ወንድም ጋሼ፣ እንዳትለቀኝ» ይለኛል። ውሃው ሞቃት ነው። ክብደቱ ትከሻዬ ላይ ይሰማኛል፤ ከዚያ እየቀለለ፣ እየቀለለ ሄደ። ዞሬ ማየት ፈለግኩ። አንገቴ አልዞር አለኝ።

ስነቃ ማማሰያው እጄ ላይ ነበር።

የቲቦን ጣሳ ስገለብጠው ሩዙ ሁለት ክምር ሆኖ ወጣ። እያንዳንዱ የጎድጓዳ ሳህን ቅርጽ እንደያዘ ነው፤ ማንኪያ አልነካውም። ከጎኑ የተጠበሰ ዕንቁላል፣ አስኳሉ እንኳን ሳይፈርስ። ተናደድኩ። ዕንቁላል ይጣላል? ጡረታ የሚቀበል ሰው ሆኖ ነው እንዲህ የሚያባክነው? ፓኒያ ብትኖር እጁን ትይዘው ነበር።

አሳማዋ ዕንቁላሉን አስቀድማ ነው የበላችው።

ሜይ 15፣ እሁድ

ሁለት ጣት ተኩል። ካሳደግኳቸው ሁሉ ትበልጣለች።

ሜይ 19፣ ሐሙስ

ሮሳውራ ባልዲውን ስትሰጠኝ መያዣውን አልለቀቀችውም። ወሬ ሲኖራት እንዲህ ታደርጋለች።

«ወንድምህ ደንበኛዬ ሆኗል። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ የሁለት ሰው ምሳ ይወስዳል።»

«የሁለት ሰው?»

«የሁለት። እኔማ ሌላ አገባ ወይ ብዬ ሰው አስጠይቄ ነበር። ማንም የለም። ሐዘን ሆድ ይከፍታል መሰለኝ፤ ደህና ይበላል።»

«ደህና ይጥላል በይ። ጣሳው የኔ እጅ ላይ ነው የሚገባው።»

«እንግዲያ አሳማህ ናት የምትበላው» ብላ ሳቀች። «እኔ አበስላለሁ፣ ጋሽ ቲቦ ይሸከማል፣ እሷ ትበላለች። ሁላችንም ላንተ ነዋ የምንሠራው።»

አልሳቅኩም። መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም። ባሕሩ በግራዬ ነበር፤ ድምፁን ግን አልሰማሁትም።

ቤት ስደርስ ሌላ ነገር መጣብኝ። የሮሳውራ ምሳ የአሳማ ሥጋ አጥቶ አያውቅም። ከባልዲዋ በየቀኑ አጥንት እለቅማለሁ። ከቲቦ ጣሳ ግን በዘጠኝ ዓመት አንድ የአሳማ አጥንት አላገኘሁም። አንድም። ለቅሞ አውጥቶ ነው የሚሰጠኝ? ማን አድርግ አለው?

ሜይ 20፣ ዓርብ

በአጥሩ ክፍተት ወደ ማዶ አየሁ። ሰው ቤት አሾልቆ ማየት ነውር ነው። አየሁ።

እኩለ ቀን ነው። በሩ ክፍት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ተቀምጧል፤ አንዱ በእሱ ፊት፣ አንዱ በፓኒያ ወንበር ፊት። ለሟች ሳህን ማቅረብ የሁላችንም ልማድ ነው። እኔም ለሚስቴ ለፌሊሳ አቅርቤያለሁ። ግን ዘጠኝ ቀን ይቀርባል፣ ግፋ ቢል አርባ። ይሄ ሦስተኛ ወሩ ነው። ያም ሆነ ይህ የሟች ሳህን ይጣላል። የሕያው ሰው ሳህንስ?

አልበላም። ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ የወንበሩን መደገፊያ እያየ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ተነሳ፣ ሁለቱንም ሳህን ጣሳው ውስጥ ገለበጠ፣ በጣቱ ጠረጋቸው። ሥጋውን ግን ለይቶ ለውሻው ወረወረ። ሲነሳ አየሁት። ሱሪው በገመድ ታስሯል። ገመዱ ዞሮ ዞሮ ጫፉ ጉልበቱ ጋ ይንጠለጠላል።

ያ ሰው ቲቦ ነው? በሠርጉ ቀን ሱሪው አልዘጋ ብሎት የሳቅንበት ቲቦ?

ሜይ 22፣ እሁድ

ሲባጎውን ያዝኩ። ሦስት ጣት።

አልቋጠርኩም። አሳማዋን አየኋት። ቆዳዋ ይበራል። ዓይኗን ጨፍና ጎኗን ግንቡ ላይ ታሻለች። የበላችው ማንን ነው?

የሚጥልበት ካጣ ይበላው ይሆናል ብዬ ባዶ ጣሳ አልሰቀልኩለትም። ሞኝነት። ከሰዓት በኋላ በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ እዚያው ቀርከሃ ላይ አኑሮታል። ጥቅሉ ገና ትኩስ ነበር። ሁለት ክምር።

እኔም ምሳ አልበላሁም። አልራበኝም ማለቴ ነው።

ሜይ 24፣ ማክሰኞ

መሄድ አለብኝ። ግን እንዴት? እኔ ተበዳይ ነኝ። ተበዳይ እግሩን አንስቶ ከሄደ ዘጠኙ ዓመት ምን ሊባል ነው?

አንድ መላ አሰብኩ። የድሮ ደብተሮቼን አወጣለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን ሳልዋሽ ጽፌያለሁ። የዚያን ኦክቶበር ገጽ እወስድና አነብለታለሁ። በጽሑፍ ሲሰማው ያምናል። ካመነ ይቅር እለዋለሁ። ይቅር ካልኩት ምግብ ማቅረብ እችላለሁ። ሥርዓት ያለው አካሄድ ነው።

ሳጥኑን ከፈትኩ። ምስጥ ዳር ዳሩን በልቶታል። ደብተሩ ግን ደህና ነው። መነጽሬን አጸዳሁ። ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ፦

«ኦክቶበር 10። የእናታችን አርባ። ለድግሱ ከወንዝ ማዶ የተገዛው አሳማ ሥጋው አላማረኝም።»

«ኦክቶበር 11። ቀኑን ሙሉ ዝናብ። እንጨቱ ረጥቧል። የድግሱን ትርፍራፊ እንዲሁ ሰጠኋቸው። ነገ እቀቅላለሁ።»

«ኦክቶበር 16። ቲቦ አንድ ባልዲ ገለበጠላቸው። ጥሬ።»

«ኦክቶበር 17። አልበሉም።»

«ኦክቶበር 20። ሦስተኛዋም ሞተች። ቲቦ ገደላቸው።»

አሥራ አንደኛውን ቀን አራት ጊዜ አነበብኩት። ጽሑፉ የኔ ነው። እርሳሱን እንደዚያ የምጫነው እኔ ብቻ ነኝ።

ካልተቀቀለ የአሳማ ሥጋ የሚመጣው በሽታ ባንድ ሌሊት አይወጣም። ቢያንስ ሦስት አራት ቀን ይፈልጋል። ይህን ለሰፈሩ ሁሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከጥሉ በኋላ ነው ያነበብኩት፣ ከግብርና ቢሮ ከተሰጠን ወረቀት። አስተማርኩበት። ወደ ኋላ ተመልሼ ግን አልቆጠርኩም። ለምን አልቆጠርኩም?

ሜይ 25፣ ረቡዕ

ቀቀልኩ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሌላ የምጽፈው የለም።

ሜይ 26፣ ሐሙስ

ገጹን ቀድጄ እሳቱ ውስጥ ልጨምረው እጄ ሄዶ ነበር። ማን ያውቃል? አንድ ወረቀት ነው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አመድ ይሆናል...

አልቀደድኩም። የተጻፈ አይጠፋም። «ቲቦ ገደላቸው» ከሚለው ሥር በቀለም ጻፍኩ፦ «ይህ ውሸት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማካርዮ።» ቀለሙ እስኪደርቅ እየነፋሁ ቆየሁ። ሕልም ላይ ያለሁ ይመስለኝ ነበር፤ ጣቴ ላይ የቀረው ቀለም ግን አሁንም አለ።

ሜይ 27፣ ዓርብ

ጠዋት የሩዝ ገንፎ ሠራሁ። ቀጭን፣ በዝንጅብልና በዶሮ። ለታመመ ሰው እናታችን እንደምትሠራው። ድስቱን በጨርቅ ይዤ፣ ደብተሩን በብብቴ ሸጉጬ ወጣሁ። በአጥሩ መካከል የነበረችው በር በሐረግ ተውጣ መክፈቻዋ አይታይም። በመንገድ ዞርኩ። አርባ እርምጃ ነው። ጉሙ ገና አልተነሳም፤ ቤቱ ከውስጡ ቀስ እያለ መጣልኝ። መጀመሪያ ደረጃው፣ ከዚያ ውሻው፣ ከዚያ ቲቦ። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ጣሳው አጥሩ ላይ ነው» አለኝ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ።

«ለጣሳ አልመጣሁም። ብላ።»

ድስቱን አየ። እኔን አየ። «አሳማ አደረግኸኝ?»

«ተቀቅሏል» አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

«አንተ ከቀቀልከው ሁለት ሰዓት ፈልቷል ማለት ነው። ሩዙ አሁን ሩዝ ነው ወይስ ሙጫ?»

«መጀመሪያ አንድ ነገር ላነብልህ ነው።»

«ቁም ነገር አይመስለኝም።»

አነበብኩ። ቆሜ። አሥራ አንደኛው ቀን ላይ ስደርስ ተመልሼ እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩ። በኋላ በቀለም የጻፍኩትንም አነበብኩ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምን ታውቃለህ?»

«የዚያን ቀን ጭስ አልነበረም። ከአጥር ማዶ ነው የምኖረው፤ ጭስህ በቀን አንዴ ሳይመጣብኝ ቀርቶ አያውቅም። ያን ቀን ቀረ። ፓኒያም ልብሷን ስታሰጣ አይታለች... በዝናብ ምን ልብስ ያሰጧል? ያው ከጣሪያው ሥር። ጥሬውን ስትገለብጥላቸው አይታሃለች።»

«ለምን ዝም አልክ ታዲያ?»

«ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

አሰብኩ። መዋሸት አልችልም። «አላምንህም።»

«እንግዲያ» አለ። የሱሪውን ገመድ በጣቱ ጠቀለለ። «የመጨረሻውን ባልዲ ደግሞ ሳልቀቅል መስጠቴ እውነት ነው። እሱን አልክድም። አንተ ስትሰጥ አይቼ፣ ይቻላል ማለት ነው ብዬ ነው። ፓኒያ ‹ሰውዬው ሁሉን ይጽፋል፣ አንድ ቀን ያነበዋል› ትል ነበር። ዘጠኝ ዓመት ይፈጅበታል ብላ ግን አልገመተችም።»

ተቀመጥኩ። ድስቱ በመካከላችን ነበር። ይቅርታ የሚለውን ቃል ፈለግኩት፤ አፌ ውስጥ ቦታውን አያውቅም።

«ይቀዘቅዛል» አልኩት።

«እሷ ሳትበላ እንዴት እበላለሁ? ትጠብቀኝ ነበር እኮ። ሃምሳ ዓመት አንድ ቀን ቀድማኝ አልበላችም።»

«ዛሬ እኔ አልበላሁም። እኔን ጠብቀኝ።»

አየኝ። ዓይኑ የእናታችን ዓይን ነው፤ ረስቼው ነበር። ማንኪያውን አነሳ። ሦስት ማንኪያ በላ። አራተኛውን ወደ ጉሙ እያየ ያዘው፣ ከዚያ መለሰው።

«ዝንጅብሉ በዝቷል፣ ወንድም ጋሼ» አለ።

ሜይ 28፣ ቅዳሜ

አምስት ማንኪያ።

ጁን 5፣ እሁድ

በሐረግ የተዋጠችውን በር ቆርጬ ከፈትኳት። ዞሮ መሄድ ጊዜ ያባክናል። በቀን ሦስቴ እመላለሳለሁ። አብሬው እቀመጣለሁ፤ እስኪጨርስ አልነሳም። «እንደ ዘበኛ አትመልከተኝ» ይለኛል። «ብላና አልመለከትህም» እለዋለሁ። የፓኒያን ሳህን አላነሳሁም። አንሳው አላልኩም። ከእሷ ሳህን ጎን የእኔን አስቀመጥኩ።

ሲባጎ፦ ግማሽ ጣት። ገንዳውን በአፍንጫዋ ትገፋለች። ታጉረመርማለች።

ጁን 23፣ ሐሙስ

ዛሬ በራሱ ጊዜ ዘፈነ። ሳህን እያጠበ። የወንዙ ዘፈን፣ ልጅ ሆነን የምንዘፍነው። ግማሹን ረስቶታል። እኔም ግማሹን ረስቼዋለሁ፤ የረሳነው ግን የተለያየ ግማሽ ነው። አጥሩ ሥር ቆሜ የእሱን ክፍተት በሆዴ ሞላሁት። ጮክ ብዬ አይደለም።

ጁላይ 17፣ እሁድ

ሮሳውራ ባልዲውን ስታቀብለኝ፦

«አሳማህ ከስታለች አሉ። ለበዓሉ አጥንት ልታካፍለን ነው?»

«አንቺ ስንጥሩን ተዪ፣ የቀረውን ለኔ ተዪልኝ።»

«ጋሽ ቲቦ ዛሬም የሁለት ሰው ምሳ ወሰደ። አንዱ ያንተ ነው አለኝ። ወጡ ጨው አንሶታል ብለሃል አለኝ። እውነት ነው?»

«አንሶታል።»

«ዘጠኝ ዓመት ተኳርፋችሁ አሁን በኔ ወጥ ላይ ታረቃችሁ» አለች። ባልዲውን ለቀቀችው።

ሲባጎ፦ ቋጠሮው ካለፈው ሳምንት አልተንቀሳቀሰም።

ኦገስት 14፣ እሁድ

ከነገ ወዲያ በዓሉ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ከበሮ ሲለማመዱ ይሰማል፤ ነፋሱ ሲዞር ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል። ለመጨረሻ ጊዜ ለካኋት። ለበዓል ካሳደግኳቸው ሁሉ ዘንድሮ ያነሰችው እሷ ናት። ሲባጎውን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ።

ድርሻ በጣሳ ልክ ነው ብዬ ነበር። በዚህ ሕግ ለቲቦ ጅራት እንኳ አይደርሰውም። ጉበቱን ለይቼ አስቀምጥለታለሁ። መምህርቷ ብትጠይቀኝ ምን እላለሁ? ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ እላለሁ።

ጠዋት ጉሙ ሳይነሳ ጣሳዎቹን ሰበሰብኩ። የአራሷ፣ ዝንጅብል የለም፤ ልጁ ደህና ይጠባል። የዓሣ አጥማጁ፣ የዓሣ ሆድ ዕቃ ሞልቶ ይፈስሳል። ቲቦ በሩ ላይ ቆሞ ጢሙን ይላጭ ነበር። ሱሪውን በቀበቶ አስሯል። «ወንድም ጋሼ፣ ቁርስ ምንድን ነው?» ብሎ ጮኸ። ዕንቁላል ነው አልኩት።

ጣሳውን ከቀርከሃው ላይ አነሳሁ። ቀለለኝ። እጄን ከተትኩ። አንድ የዓሣ አከርካሪ፣ ተግጦ ተግጦ ነጭ የሆነ። ሌላ ምንም የለም። አዘነበልኩት፣ አራገፍኩት። ምንም።

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጥሩ ጣሳ አላየሁም።